ገዋኔ መንገድ ላይ ጥሎት የሄደው ሰው

...የመኪናው ፊት የሆነ ነገር መታ።

እንድሪያስ ፍሬን ያዘ። የጫነው ተሳቢ እየተንገጫገጨ ጥቂት ሄዶ ቆመ።

አፋር ውስጥ፣ ከገዋኔ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው... አቧራው ተነሥቶ ሰማዩም መሬቱም አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኗል።

በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየ። አስፋልቱ ዳር አንድ ሰው ተዘርሯል። አይንቀሳቀስም።

ረዳቱ ታሞ ስለቀረ ብቻውን ነው። መንገዱ ላይ ሌላ መኪና የለም።

ሊወርድ በሩን ከፈተ... እስር ቤቱ ታየው፣ ልጆቹ ታዩት።

በሩን መልሶ ዘጋና ነዳ።

አዋሽ ሲደርስ የመኪናውን ፊት ራሱ አጠበ። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ተበላሸበት።

ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሙቀቱ አስፋልቱን ውሃ አስመስሎታል... ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ እዚያ ውሃ ላይ ይሄዳል። እንድሪያስ ይነዳል፣ ይነዳል... አይደርስበትም።

እየቆየ ሲሄድ ሕልሙ በቀን፣ መሪ እንደያዘ፣ ዓይኑ እንደተገለጠ ይመጣበት ጀመር።

በቤተክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ማማተብ ተወ። «በዚህ እጄ?» ይላል ለራሱ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ...

አንድ እሑድ ጠዋት አዋሽ ላይ ጎማ ሊያስጠግን ቆመ። ወበቁ ሌላ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሸለብ አደረገው።

በእንቅልፉ መሃል አንድ ድምፅ ሰማ...

«እስከ መቼ ትሸሻለህ? የሚከተልህ እኮ ሊምርህ ነው።»

ደንግጦ ነቃ። ድምፁ ግን አልቆመም። ከቤተክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚመጣ ስብከት ነበር። ሰባኪው ስለ ንስሐ እያስተማረ ነው።

ጎማውን እዚያው ትቶ ድምፁን ተከትሎ ሄደ።

ሕዝቡ ሲበተን አባ ፍሬምናጦስ የሚባሉ ሽማግሌ ካህን ፊት ተንበረከከና ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ተናገረ።

አባ አልተቆጡትም። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይምርሃል፤ ይህን አትጠራጠር። አንተ ግን ጥለኸው የሄድክ ሰው አለ። ቤተሰቦቹን ፈልግና እግራቸው ላይ ውደቅ። ሕግ ከጠየቀህም አትሽሽ።»

በማግስቱ፣ ላይመለስ እንደሚችል ለሚስቱ ነግሯት ወደ ገዋኔ ወረደ።

የከብት ገበያው አካባቢ ሲጠይቅ ሲጠይቅ ሁመድ የሚባል አፋር አርብቶ አደር ጋ አደረሱት። ሰውየውን ያን ዕለት ግመሎቹን ሲመልስ ያገኘው፣ መኪና ለምኖ ሐኪም ቤት ያደረሰውም ይኸው ሁመድ ነው።

እንድሪያስ መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀው።

ሁመድ ግራ ገብቶት አየው።

«የምን መቃብር? ሰውየው እኮ አለ። አላህ አተረፈው። ሰመራ ነው የሚኖረው።»

እንድሪያስ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሰመራ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ ባዶ ፌስታል ያንከባልላል... ከተማዋ በአቧራ ውስጥ አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች። ሕልም ይሁን እውን ሊለየው አልቻለም።

ሰውየው ቢያድግልኝ ይባላል። ከደጋ መጥቶ ጥጥ እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ የቀን ሠራተኛ ነው። ዛሬ አንድ እግሩ የለም። ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቤቱ በር ላይ ጫማ ይሰፋል።

እንድሪያስ ፊቱ ተንበረከከ።

«የገጨሁህ እኔ ነኝ... ጥዬህ የሄድኩትም እኔ ነኝ።»

ቢያድግልኝ የያዘውን ጫማ አስቀመጠ። ከዚያ ከተቀመጠበት ዱካ ተንሸራቶ እሱም መሬት ላይ ወረደ።

«አንተን ስፈልግ ነው የኖርኩት» አለ።

እንድሪያስ አለቀልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ...

ነገሩ ግን ሌላ ነበር።

ያን ዕለት ቢያድግልኝ መንገድ እየተሻገረ አልነበረም።

ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ደጋ ትቶ ከመጣ በኋላ መጠጥ ይዞት ረስቷቸው ነበር። የዚያን ቀን ልጁ ሞታ መቀበሯን በስልክ ሰማ። ከዚያ በኋላ መኖር አልፈለገም...

መኪናው ፊት ዘሎ የገባው ራሱ፣ ሆን ብሎ ነው።

ሲተርፍ ንስሐ ገባ። ሚስቱ አለሚቱ ሰምታ መጣች፤ አልቅሳም፣ ወቅሳውም፣ ይቅር ብላ አስታመመችው።

አንድ ነገር ግን አላስተኛ አለው...

«በእኔ ኃጢአት አንድ ሹፌር ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብሎ እየኖረ ይሆናል እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ። ስምህን ስለማላውቅ 'ያን ሹፌር አስበው' እያልኩ ነው የምጸልይልህ። ወንድሜ... ይቅር በለኝ።»

«እኔ እኮ ጥዬህ ሄጃለሁ» አለ እንድሪያስ።

«እሱ ያንተ ጥፋት ነው። እሱንም ይቅር ብዬሃለሁ።»

አለሚቱ ውሃ ይዛ ስትወጣ ሁለት ወንዶች መሬት ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው።

በማግስቱ እንድሪያስ ፖሊስ ጋ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ቢያድግልኝ በክራንቹ አብሮት ሄደ። ፍርድ ቤት ቀጣው፤ ቅጣቱንም ጨርሶ ወጣ። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው... ሲነግረኝ ፊቱ ሸክሙን ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

ወዳጆቼ... ከሠራነው ኃጢአት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋን «ከእንግዲህ ምን ፊት አለኝ» ብለን መሸሻችን ነው። እንድሪያስ ሲሸሽ የኖረው ከሚጸልይለት ሰው ነበር። ንስሐ የሚገባ ሰው የሚያገኘው የተዘጋ በር አይደለም፤ እግዚአብሔር ቀድሞ ደጅ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ቀን ሳለ እንመለስ።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በቢያድግልኝ ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ሹፌር ስታገኙት መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ምን ነበር?