በትርንጎ ስም

ስሚማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ካልነገርኩሽማ እፈነዳለሁ! ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች መጡልሽ። "የሆድ ትል እያጠናን ነው" ብለው፣ ዕጣ ለወጣላቸው ልጆች ስማቸው የተጻፈበት ብልቃጥ አደሉ። ነገ ሰገራ ይዛችሁ ኑ! ትርንጎ ዕጣው ሲደርሳት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰገራ በብልቃጥ ይዞ በሰፈር ማለፍ? እሷ እቴ! ዕጣ ያልወጣላትን ጓደኛዋን ይታይሽን ለመነቻት።

"በናትሽ፣ አንቺው ሙይልኝና አስረክቢልኝ።"

"አምጪው፣ ምን ይጎድልብኛል!" አለች ይታይሽ እየሳቀች።

በሳምንቱ ተመራማሪዋ መጥታ ትርንጎን ከሰልፉ ነጠል አደረገቻት።

"ቢልሃርዚያ ተገኝቶብሻል የኔ ልጅ። ዝም ቢባል ጉበት ይጎዳል፤ ደግነቱ በጊዜ ደረስንበት። በይ እነዚህን ክኒኖች ዋጪ" አለቻት በጆሮዋ።

ትርንጎ ክኒኖቹን ዋጥ አድርጋ ብትሄድ ማንም አያውቅባትም። የይታይሽ ጉበትስ?

"የኔ አይደለም! የይታይሽ ሰገራ ነው!" ብላ ጮኸችልሽ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ይታይሽ ክኒኖቿን አንድ በአንድ ውጣ ስትጨርስ ትርንጎን ያለቻትን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

"ሰው ኩላሊቱን ሰጥቶ ጓደኛውን ያድናል፤ እኔ ሰገራዬን ሰጥቼ ራሴን አዳንኩ!"