ከአባቴ ራስ በላይ

አርባ አንድን ተጫንኩ፤ አባቴ ግን ገና ሠላሳ ስምንት ላይ ነው። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ስክሪን እሱ ያላለውን በባዕድ ቋንቋ ይናገራል። ወደ ኋላ ልመልሰው ስል ደግሞ አባቴ ዘሎ አርባ ሦስት ገባ። ደሜ ፈላ።

በጠቅላላ መቶ አርባ ዓረፍተ ነገር ነው። ተርጉሜ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ኮምፒውተር ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ፤ አባቴ አንዱን ባለ ቁጥር መጫኛዬን ተጭኜ ትርጉሙን ስክሪኑ ላይ አወጣለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ቋንቋችንን አይሰማም። ባሕር ማዶ ላለ የቴአትር ፌስቲቫል ሥራ ሊመርጥ ነው የመጣው፤ ከወደደን አምስት ከተማ እንዞራለን። ካልወደደን ይኸው አዳራሻችን አለልን፤ ቅዳሜና እሁድ የውጭ ኳስ ይታይበታል፣ ሌላውን ቀን ይቆለፋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ የኳሱን ስክሪን ከፍ አድርገን የሰቀልነው ለዚህ ነው።

አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ጓዳ ገብቶ በሩን ይዘጋና ለግድግዳ ይተውናል። የማልሰማ ይመስለዋል።

ችግሩ፣ አባቴ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሰዉን እያየ ነው የሚናገረው፤ የሳቀ ካለ ያረዝማል፣ ያዛጋ ካለ ያሳጥራል። አርባ ዓመት ሙሉ የተጨበጨበለትም በዚሁ ነው። «አባዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ የተጻፈውን በል» ብዬ ወር ሙሉ ለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ደርሰናል፤ ኮት ይዞ ቆሟል። የሚጫወተው ልጁ ርቆ የሄደበትን አንድ ልብስ ሰፊ ነው። የቴአትር ቤቱ ሠራተኞች ተመልካች እንዲሆኑ ተጠርተው ወንበሩን ይዘዋል፤ ቲኬት ቆራጯ ከፊት ተቀምጣለች።

«ልጄ በየዓመቱ እመጣለሁ ይላል» አለ አባቴ። «ልጄ ቃሉን አያጥፍም።»

እዚህ ጋ ዝም ይላል። ኮቱን ይገለብጣል፣ ክር ይለቅማል፣ ሰዉ ትንፋሹን እስኪይዝ ይጠብቃል። «በየዓመቱ ይላል» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ቃል ስንቱ እንደሳቀ፣ ስንቱ ደግሞ እንባውን እንደጠረገ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ።

እንግዳው በዝምታው መሀል ከት ብሎ ሳቀ። ቀድሜ ተጭኜው ኖሮ ከስክሪኑ ላይ አንብቦታል።

አባቴ ኮቱን ዝቅ አድርጎ እስከ መድረኩ ጫፍ መጣ።

«ምን አሳቀው?» አለኝ።

«ጽሑፉ ቀድሞህ ነው፣ አባዬ። ቀጥል።»

«ሳልናገር የሚስቅ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ከእንግዳው አጠገብ እንደተቀመጠ በአፉ ፈገግ፣ በዓይኑ ቆጣ አለብኝ። እንግዳው ክርክራችን የቴአትሩ አካል መስሎት ስክሪን ስክሪኑን ያያል፤ ትርጉሙን እየጠበቀ።

«ጋሼ፣ አደራዎን፣ ይቀጥሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

አባቴ ዞር ብሎም አላየው። «ያ ሰው ከገባ ጀምሮ አንዴ እንኳ ፊቴን አላየም፣ ልጄ። የሚያየው ከራሴ በላይ ነው። ማንን እያየሁ ልናገር?»

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። እንግዳውንም፣ ስክሪኑንም፣ እጄ ላይ ያለውንም መጫኛ ጠላሁት። ንዴቴን ልወጣበት የምችለው ግን አባቴ ላይ ብቻ ነበር።

«እና ምን ይሻልሃል?» አልኩት። ድምፄ አዳራሹን ሞላው። «ተመልሰህ ጓዳ ገብተህ ለግድግዳ ልትተውን ነው? ግድግዳውስ ፊትህን ያያል? የተጻፈውን በል፣ በቃ።»

ቲኬት ቆራጯ አንገቷን ደፋች። አባቴ አየኝ። በሩ ጋ ቆሜ እንደምሰማው አያውቅም ነበር፤ አሁን አወቀ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ፣ ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ከስልሳ ልጀምር?»

ቁጥሩን ያውቀዋል። ወደ ቦታው ተመለሰና አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ፣ እንደተጻፈው ይለው ጀመር። ለካ መቶ አርባውንም በቃሉ ይዞታል።

ኮቱን አልገለበጠም፣ ክርም አልለቀመም። «ልጄ ቃሉን አያጥፍም። በየዓመቱ ይላል» አለ በአንድ ትንፋሽ። እንግዳው በሰዓቱ ሳቀ፤ ማስታወሻውን ከፍቶም የሆነ ነገር ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከሠራተኞቹ ማንም አልሳቀም።

ስልሳ ሁለት ላይ እጄ ዘገየ። አባቴም አልቀጠለም። ለሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ስክሪኑ ቀና አለ፤ ማንበብ የማይችለው ፊደል እስኪለወጥ ድረስ፣ ኮቱን እንደታቀፈ ቆሞ ጠበቀ።