የእትዬ ዘርትሁን የስንብት እንቅልፍ

«ፋብሪካው አይዘጋም አሉ» ይላሉ የጥበቃው ጋሽ ደስታው፣ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ። እኔ ለወሬ ጆሮ የለኝም። የደመወዝ መዝገብ ማንበብ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሴት ነኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን እንቅልፋቸውን ለፋብሪካው ሸጠው ሌት ተቀን ጨርቅ ሲሸምኑ ኖረዋል። አልጋቸው የሽንኩርት ማስጫ ከሆነ ቆይቷል። ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ተብሎ ሲሰናበቱ ግን ሕጉ እንቅልፋቸውን ያስመልሳል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ሌሊት፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት ዐሥር።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ መቶ አርባ ሌሊት» አለን የሰው ኃይል ኃላፊው፣ ይዣቸው ቢሮው ስሄድ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ እንቅልፍዎን ያልሸጡት ቢሮ ሊተኙበት ነው እንዴ?» አልኩት የደመወዝ መዝገቡን ገልጬ። « ቋሚ ከመሆናቸው በፊት ሰባት ዓመት ሙሉ በየወሩ የእድር መዋጮ ከደመወዛቸው ተቆርጦባቸዋል። ያልተቀጠረ ሰው ከየት የመጣ ደመወዝ ይቆረጥበታል?»

መዝገቡን አገላብጦ «ሁለት መቶ ዐሥር» ብሎ ፈረመ።

እትዬ ሽንኩርቱን እየሳቁ ከአልጋው ላይ ጠረጉ። ትራሱን አቅፈው ግን ቆሙ። «ልጄ፣ ይኼ በራስጌ ነው በግርጌ የሚደረገው?»

አሳየኋቸው። ወዲያው አንኮራፉ፤ ግቢው ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ በእልልታ አጀባቸው።

በነጋታው ጋሽ ደስታው ማስታወቂያ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ፋብሪካው አይዘጋም፣ ሠራተኛው ሁሉ ይመለስ ይላል። ነገር ግን የስንብት እንቅልፍ የጀመረን ሰው መቀስቀስ በሕግ ክልክል ነው።