ፈረሱ ሲናገር

የቆሰበር ደጋ ውርጭ ሣሩን አመድ አስመስሎት ነበር። ሸጋ ከፈረሱ ሆድ ተለጥፋ፣ ጀርባው ላይ በተጣለው ወፍራም የሱፍ ባና ሥር ቆመች። ገና የሦስት ወር ሙሽራ ናት። ባሏ ገበየሁ ታዲያ ጎህ ሲቀድ ባናውን ከላይዋ ገፎ ፈረሱን ያለብሳል፤ ከዚያ ጆሮው ሥር ገብቶ ያንሾካሹካል። ለሷ በቀን ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው ለፈረስ ምን ይላል? ዛሬ ገብስ ሊያመጣ ዞር ሲል ሾልካ ገባች።

«ስማ፣ ዳማ» አለ ሲመለስ። «ነገ ጉግሱ ላይ ቀስ በልልኝ። ባለፈው ስትጋልብ ነፍሴ ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር። ለሸጋ ደግሞ ጎበዝ ፈረሰኛ ነኝ ብያታለሁ። ብወድቅ በምን ዓይኗ ታየኛለች?»

ሸጋን ሳቅ አፈናት። ወዲያው ደግሞ አሳዘናት። ድምፅዋን አወፍራ፣ «አይዞህ፣ አልጥልህም» አለች።

ገበየሁ ገብሱን ዘረገፈው። ሦስቴ አማተበ። ጎንበስ ብሎ ከባናው ሥር ቢያይ፣ ከፈረሱ ኮቴዎች መሃል በብርድ የተኮማተሩ ሁለት የሰው እግሮች! ባናውን አልገለጠም። ቀና ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ዳማ፣ ለሸጋ ንገርልኝ፤ ብወድቅ ከሰው ሁሉ ቀድማ እንዳትስቅ» አለ።

ባናው ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። ዳማ ግን አልበረደውም።