ጠፋብኝ አላልኩም

«ሠላሳ አንድ ውንብድና? ሳጅን፣ እኔን ልታስበዪኝ ነው እንዴ?»

የጣቢያው አዛዥ ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው። ሠላሳ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከጎኑ ዘጠኝ ተጽፏል።

ሳጅኗ በዚህ ጣቢያ መዝገብ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠች ሴት ናት። ሥራዋ በየሦስት ወሩ የሰፈሩን ወንጀል ከመዝገብ ላይ ቆጥራ፣ በየዓይነቱ ለይታ፣ ቅጽ ሞልታ ወደ በላይ አካል መላክ ነው። ቀዩን ዘጠኝ አየችው፤ ደሟ ፈላ።

«ሃያ ሁለቱን የት ላድርጋቸው ታዲያ?»

«የጠፋ ንብረት የሚል ረድፍ የለም? እዚያ ነዋ! ባለፈው እንዳደረግሽው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሰዓት ስብሰባ አለብኝ። ቁጥሩ የጨመረበትን አዛዥ ስሙን እየጠሩ ነው የሚያስነሡት። አምና መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እስክል ድረስ አቁመውኛል። ሁሉም እየቀነሰ እኔ ብቻ ሐቀኛ ሆኜ ልሙትልሽ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ባለፈው ሩብ ዓመት በጩቤና በዱላ የተቀሙ አሥራ አራት ሰዎችን፣ ዕቃቸውን ራሳቸው ጥለው እንዳጡት አድርጋ የጻፈችው እሷው ናት። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ እራቷንም አልተወች፤ በልታለች።

እስክሪብቶዋን እንዳነሣች በሩ ተንኳኳ። የገቡት ስድሳ ዓመት የሞላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ግራ ቅንድባቸው ላይ ፋሻ ተለጥፏል።

«ልጄ፣ ማስረጃዬን ጽፈሽልኝ እንደሆነ ልውሰድ ብዬ ነው። የሰፊዎች ማኅበሩ የፖሊስ ወረቀት ካላመጣሽ ሌላ የስፌት መኪና አናውስሽም ብሎኛል።»

«ይቀመጡ እናቴ» አለችና የአቤቱታ መዝገቡን ገለጠች። ቃላቸውን የተቀበለው የሰኞ ተረኛ ነው። ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ «አመልካቿ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ከሱቃቸው እንደጠፋባቸው አመልክተዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ለመቀመጥ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«ምን አልሽ? ጠፋባቸው?» ቀና አሉ። «እኔ ጠፋብኝ አላልኩም! መርፌ ይጠፋል። ክር ይጠፋል። መቀስም ጨርቅ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ባለ ብረት እግሩ መኪና እንዴት ብሎ ነው የሚጠፋው? ተነሥቶ ሄደ?»

«እናቴ፣ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው» አለ አዛዡ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ለማኅበሩ ያው ወረቀት ነው።»

«ያው አይደለም! ሠላሳ ዓመት የሠራችበትን መኪና የምትጥል ዝርክርክ ናት ብለው ይስቁብኛል እንጂ ሌላ አይሰጡኝም። ይሄስ?» ፋሻውን በጣታቸው ጠቆሙ። «ቅንድቤም ጠፍቶ ነው?»

አዛዡ ሰዓቱን አየ።

«በጠራራ ፀሐይ ሦስት ሆነው ገቡ» አሉ ሴትዮዋ፣ አሁን ለሳጅኗ ብቻ። «አንዱ መታኝ፣ ሁለቱ ተሸከሙት። ድሮ በእኛ መንገድ ሁለት ፖሊሶች ሮንድ ይዞሩ ነበር። ባለፈው ወር አነሧቸው። ለምን ብል፣ ሰፈራችሁ ሰላም ሆኗል፣ ቁጥሩ ይናገራል አሉኝ። የምን ቁጥር ነው ልጄ? ማን ነው የቆጠረው?»

ሳጅኗ አሥራ አራቱን አሰበች። ወረቀት ላይ የተቀመጠ ቁጥር እግር አውጥቶ እዚያ መንገድ ድረስ ሄዶ፣ ሁለቱን ፖሊሶች አንሥቶ፣ ለሦስቱ ወንበዴዎች በር የከፈተላቸው መሰላት። ተናዳ ነበር የዋለችው፤ አሁን ግን ንዴቱ ዞሮ መጥቶ በራሷ ላይ ሆነ።

«እኔ ነኝ እናቴ» አለች። «እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ዋሽቼ ነው የቆጠርኩት።»

«ሳጅን!»

አልዞረችም። መዝገቡ ላይ «እንደጠፋባቸው» የሚለውን ሰርዛ «ሦስት ሰዎች ደብድበው እንደወሰዱባቸው» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችበት። ቅጹን ሳበች። ሠላሳ አንዱ ራሱ ጎደሎ ኖሯል፤ ተረኞቹም ነገሩ ገብቷቸው ገና ቃል ሲቀበሉ ዝርፊያውን «ጠፋ» ብለው መጻፍ ጀምረዋል። ቀዩን ዘጠኝ ሰርዛ ሠላሳ ሁለት አለች። እስክሪብቶውን አጥብቃ ስለተጫነችው ወረቀቱ ተቀደደ።

«ይህን ልከሽ ነገ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጪ መስሎሻል?»

«ነገ አልቀመጥ። ዛሬ ግን ተቀምጫለሁ።»

ጩኸቱ ኮሪደሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በተከፈተው በር አንድ አናጺ አንገቱን አስገባ፤ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ።

«እኔስ? ባለፈው ሳምንት አፈሙዝ ደግነውብኝ ነው ስልኬን የወሰዱት። ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

ሳጅኗ ገጹን ገልብጣ አገኘችው። «የጠፋ ስልክ» አለች።

«የጠፋ?!»

«የእኔንም እዪልኝ እስቲ» አለች ከኋላው ደብተር ያቀፈች ተማሪ። ከእሷ ኋላ አንዲት እናት ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ተነሡ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሹፌር። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርገው በመጨረሻ ተቀመጡ።

አዛዡ ለስብሰባው ቦርሳውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ።

«አሳልፉኝ» አለ።

ማንም ፈቀቅ አላለም።