ቤቱ የሚያስታርቃቸው ባልና ሚስት

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ።

ያን ጊዜ ሽማግሌ መጥራት ቀርቶ ባልና ሚስትን የሚያስታርቀው ቤቱ ራሱ ነበር። የአዳማዎቹ ደንበሩና ስንዱም ሲጋቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በራሱ ጊዜ እንዲያስታርቃቸው ቤታቸውን እንደ ሰዓት ሞልተውት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይቆለፋል። አንዳቸው ለእውነተኛ ጥፋት ይቅርታ ካልጠየቀ አይከፈትም።

አንድ ቅዳሜ የስንዱ እህት ሰርግ ሆነ። መኪናው ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፤ በሩ ተቆልፏል፤ እነሱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አልተጣሉም።

«በል እንጂ፣ አንድ ነገር አጥፋ» አለችው ስንዱ። «ሌላ ጊዜ ሳትለመን ታጠፋ የለም እንዴ?»

ደንበሩ ራሱን አከከ። የሚያስቀይማት ነገር ሲፈልግ ቆይቶ፣ «ቀሚሱ አላማረብሽም» አላት።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ ቤቱ። «በውሸት አላስታርቅም።»

ስንዱ ወደ ባሏ ዞረች። «አምሮብኛል ማለት ነው?»

«ሁሌም ያምርብሻል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው አልነገርከኝም?»

ደንበሩን ራሱንም ገረመው። ቤቱን ለእርቅ እንጂ ለሙገሳ አልሞሉትም ነበር።

«ይቅርታ፣ ስንዱዬ» አላት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ተሯሩጠው ወጡ።

እሺ፣ ምላሴን ማሩልኝ፤ ተሯሩጠው ወጡ ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው። ጡሩምባው እየጮኸ፣ በሩም ተከፍቶ፣ ስንዱ ገና «እስቲ ያምርብሻል ያልከውን ድገመው» እያለችው ነበር።