የትኛው አገር ይስማማዎታል?

ርሆቦት ጣና ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጣ፣ ስልኳ ላይ «የትኛው አገር ይስማማዎታል?» የሚለውን መጠይቅ ትመልስ ነበር። ባሏ ይትባረክ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ ያያል። ወንድሙ ከካናዳ ደውሎ «ሁለታችሁም ኑ» ካላቸው ወዲህ በመካከላቸው ዝምታ ገብቷል። እሱ መሄድ አልፈለገም፤ ግን እሷ ጓጉታ ከሆነ እንዳያስቀራት ብሎ አፉን ዘጋ።

«ከዘመድ ርቀው መኖር ይችላሉ?» አለ መጠይቁ በመጨረሻ። አውራ ጣቷ አየር ላይ ቆመ። ይትባረክ ትንፋሹን ዋጠ። ጣቷ ቀስ ብሎ ወረደና «እችላለሁ» የሚለውን ነካ። ወዲያው «ፊንላንድ» የሚል መልስ መጣ።

«እንግዲህ ቆርጠሻላ» አላት፣ ውኃ ውኃውን እያየ።

«እኔ? ባንተ ቦታ ሆኜ እኮ ነው የመለስሁት!» ዞራ ስታየው ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ዝም ስትል ልብህ የሄደ መሰለኝ። እኔማ የትም አልሄድም።»

«እኔስ መቼ እሄዳለሁ አልሁ?»

እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ይትባረክ ሳቁ መጣ፤ ራቅ ብሎ ዓሣ የሚጠብስ ሰውዬ ቀና ብሎ እስኪያያቸው ድረስ ሳቀ።

«ራበኝ» አላት። ወንድሙ ከደወለ ወዲህ እህል ጣፍጦት አያውቅም ነበር።